ተግባራዊ ምርምር በትምህርት ቤት አመራር

ተግባራዊ ምርምር በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ የገዛ ሥራውን እያሻሻለ የሚያጠናበት፣ እያጠናም የሚያሻሽልበት የምርምር ዓይነት ነው። በትምህርት ቤት አመራር ረገድ ርዕሰ መምህሩ፣ ምክትሉ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ወይም ሱፐርቫይዘሩ አንድ ችግር ለይቶ መነሻ መረጃ ይሰበስባል፣ መንስኤውን ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር ይመረምራል፣ የመፍትሔ እርምጃ ይወስዳል፣ እርምጃው ያስከተለውንም ለውጥ በማስረጃ ይመዝናል። ከመደበኛው ምርምር የሚለየው አጥኚውና የሚጠናው ሥራ ባለቤት አንድ ሰው በመሆናቸው ነው፤ ከዕለት ተዕለት አስተዳደር የሚለየው ደግሞ ከእርምጃው በፊትም ሆነ በኋላ ማስረጃ ስለሚጠየቅበት ነው።

ጽንሰ ሐሳቡን በማስተዋወቅ ረገድ ስሙ በብዛት የሚነሣው ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው የሥነ ልቦና ሊቅ ኩርት ሌዊን ነው። ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ መጻሕፍትን ብቻ የሚያፈራ ምርምር እንደማይበቃ ተከራክሮ፣ ዕቅድ፣ ተግባርና የተግባሩን ውጤት ማጣራት እየተከታተሉ የሚሄዱበትን ጠመዝማዛ መንገድ አቀረበ። ሐሳቡን ወደ ትምህርት ቤት በስፋት ያሻገረው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ኮሌጅ የነበረው ስቲቨን ኮሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ሥራው መምህራን ብቻ ሳይሆኑ ሱፐርቫይዘሮችና የትምህርት አስተዳዳሪዎችም ውሳኔያቸውን በራሳቸው ምርምር ሊያርሙ እንደሚገባ አስረዳ። የአመራሩ ተሳትፎ እንግዲህ ኋላ የተጨመረ ሳይሆን ከመጀመሪያው የነበረ ነው። ብዙም ሳይቆይ ባለሙያዎቹ የምርምር ሥልጠናም ሆነ ጊዜ የላቸውም የሚል ጠንካራ ትችት ተነሥቶ እንቅስቃሴው በአሜሪካ ተቀዛቀዘ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በእንግሊዝ የትምህርት ተመራማሪዎቹ ሎውረንስ ስቴንሃውስና ጆን ኤልየት ሲያነሡት ትኩረቱ በመምህሩና በክፍሉ ላይ አረፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ደግሞ በአውስትራሊያ ዲኪን ዩኒቨርሲቲ ስቲቨን ኬሚስና ሮቢን ማክታጋርት ማቀድ፣ መተግበር፣ መመልከትና ማሰላሰል የሚሉትን አራት ደረጃዎች ዛሬ በብዙ የሥልጠና ሰነዶች በሚታየው ቅርጽ አደራጇቸው። መምህሩ ተመራማሪ ተብሎ ሲከበር፣ አመራሩ በብዙ ቦታ የሌላውን ምርምር የሚያጸድቅና ፋይል የሚያደርግ ሰው ሆኖ ቀረ፤ ይህ ግን ከኮሪ ሐሳብ ጋር የሚጣጣም አይደለም።

አራቱ ደረጃዎች እየተደጋገሙ የሚሄዱበት ዑደት በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ አስቸጋሪው ብዙ ጊዜ መጀመሪያው፣ ማለትም ችግሩን በትክክል መለየቱ ነው። ለምሳሌ የተማሪዎች ማርፈድ ያሳሰበውን ርዕሰ መምህር እንውሰድ። የተለመደው መፍትሔ በሩን በሰዓቱ መዝጋት፣ ያረፈደውን መመለስ ወይም ወላጅ ማስጠራት ነው። በተግባራዊ ምርምር የሚሠራ ርዕሰ መምህር ግን በመጀመሪያ የአርፋጆች መዝገብ ለተወሰኑ ሳምንታት በዕለት፣ በክፍልና በደረሱበት ደቂቃ ተለይቶ እንዲያዝ ያደርጋል፤ መዝገቡን ከቀሪ መዝገብ ጋር ያስተያያል፤ በተደጋጋሚ የሚያረፍዱትን ልጆች ያለ ቁጣ ያነጋግራል። ከዚህ የሚገኘው መረጃ ተማሪው ሰንፏል ከሚለው ግምት እጅግ ሊርቅ ይችላል። አርፋጆቹ ጥቂትና ሁልጊዜም እነዚያው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ታናናሾቻቸውን ሌላ ትምህርት ቤት አድርሰው የሚመጡም ሊገኙባቸው ይችላል። አንዳንዴም በሩ እንደሚዘጋበት የሚያውቅ ልጅ ትንሽ ካረፈደ ጭራሹን ከቤት ስለሚቀር፣ ማርፈድን ለመቀነስ የወጣው ደንብ ቀሪን አብዝቶ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ተማሪው ለምን ያረፍዳል ከሚለው ተነሥቶ የትምህርት ቤቱ ደንብ ምን እያስከተለ ነው ወደሚለው ይዞራል። አዲሱ እርምጃ፣ ለምሳሌ በሩን ሳይዘጉ አርፋጁ ተመዝግቦ ወደ ክፍል እንዲገባና ያመለጠውን ትምህርት በዕረፍት ሰዓት እንዲያካክስ ማድረግ፣ ውጤቱ የሚለካው በዚያው መዝገብና በዚያው አያያዝ ነው። የትኛው ለውጥ እንደ መሻሻል እንደሚቆጠር ደግሞ እርምጃው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ውጤቱ ከመጣ በኋላ ስኬት የሚመስል ነገር መፈለግ የማይቀር ነው።

የአመራሩ ምርምር ጠለቅ የሚለው ጥያቄው ወደ አመራሩ ወደ ራሱ ሲዞር ነው። አሜሪካውያኑ ምሁራን ክሪስ አርጂሪስና ዶናልድ ሾን እ.ኤ.አ. በ1974 እንዳሳዩት ሰው እመራበታለሁ ብሎ የሚናገረው መርህና በተግባር የሚመራበት መርህ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ፤ ልዩነቱንም ባለቤቱ ራሱ ላያየው ይችላል። ከክፍል ምልከታ በኋላ የሚደረገው የግብረ መልስ ውይይት ይህ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ነው። ርዕሰ መምህሩ በመምህሩ ፈቃድ ውይይቱን በድምፅ ቀድቶ ብቻውን ሲያዳምጠው፣ ውይይት ያለው ነገር በአመዛኙ የራሱ ንግግር ሆኖ ሊያገኘው ይችላል፦ ጥያቄ ይጠይቃል፣ መምህሩ አፉን ሳይከፍት ራሱ ይመልሰዋል፣ ቀጥሎ ከቅጹ ላይ ያሉትን ነጥቦች በተርታ ያነባል፣ መምህሩም እሺ እያለ ይፈርማል። ማን ምን ያህል እንደተናገረ፣ ስንት ጥያቄ በእርግጥ መልስ እንደተጠበቀበት መቁጠር ተራ ሥራ ቢመስልም ጠቃሚ መነሻ መረጃ ነው። በቀጣዩ ዑደት መምህሩ ስለ ትምህርቱ አስቀድሞ እንዲናገር ይደረጋል፣ ውይይቱ በአንድ ነጥብ ላይ ይወሰናል፤ በሚቀጥለው ምልከታም የተስማሙበት ነገር ክፍል ውስጥ መታየት አለመታየቱ ይጣራል።

የአመራሩን ምርምር ከመምህሩ የሚለየው ትልቁ ፈተና ሥልጣን ነው። የሥራ አፈጻጸም ውጤት የሚሞላ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል የሚያጸድቅ ሰው ስለ ራሱ አመራር መጠይቅ ሲበትን፣ የሚመለስለት መልስ ከእውነቱ ይልቅ ወደ ጨዋነት ማድላቱ አይቀርም። ስም አይጻፍም የሚለው ማሳሰቢያም በትንሽ ትምህርት ቤት ትርጉሙ አነስተኛ ነው፤ የሚያስተምሩት የትምህርት ዓይነትና የአገልግሎት ዘመን ከተጠየቀ መላሹ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ስለዚህ መረጃውን በአመራሩ ሥር የማይሠራ ሰው ቢሰበስበው ይመረጣል፤ ለምርምሩ የተገኘ መረጃ ለሥራ አፈጻጸም ምዘና እንደማይውል አስቀድሞ በጽሑፍ ይገለጻል፤ መሳተፍ ያልፈለገ መምህር ምንም እንደማይደርስበት በተግባር ይረጋገጣል። ተማሪዎች ሲጠየቁ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሰው ቃል ከመዝገብ፣ ከተማሪ ደብተርና ከክፍል ምልከታ ጋር ሲመሳከርም በፍርሃት ወይም በይሉኝታ የተሰጠ መልስ ብቻውን ለድምዳሜ አይበቃም።

ስልቱ የራሱ ገደብ አለው። በአንድ ትምህርት ቤት የሠራው በሌላው ይሠራል ማለት አይቻልም፤ እርምጃው ያልተወሰደበት ማነጻጸሪያ ቡድን ባለመኖሩም ለውጡ ከእርምጃው የመጣ መሆኑን ማረጋገጥ ይከብዳል። በተለይ አዘናጊ የሆነው፣ በአንድ ፈተና እጅግ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣውን ክፍል መርጦ እርምጃ መውሰድ ነው፤ እንዲህ ያለ ክፍል ምንም ባይደረግለትም በሚቀጥለው ፈተና ወደ ተለመደው ውጤቱ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ መሻሻሉ የእርምጃው ፍሬ ሳይሆን የአመራረጡ ውጤት ሊሆን ይችላል። የበርካታ ዓመታትን ውጤት አይቶ መምረጥና እርምጃውን በየክፍሉ በተለያየ ጊዜ መጀመር ይህን ስሕተት ይቀንሰዋል።

ከነዚህ ሁሉ በላይ የተለመደው ድክመት ግን ተግባሩ የጎደለው ተግባራዊ ምርምር ነው። መጠይቅ ይበተናል፣ መቶኛ ይሰላል፣ የሚመለከታቸው አካላት ተገቢውን ትኩረት እንዲሰጡ የሚል ምክረ ሐሳብ ተጽፎ ለደረጃ ዕድገት ወይም ለሪፖርት ማሟያ ይቀርባል። ምክረ ሐሳቡን መተግበር የነበረበት ጸሐፊው ራሱ መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ግራ ያጋባል። እንዲህ ያለው ሥራ የዳሰሳ ጥናት ቢባል ያስኬዳል፤ ዑደቱ ግን ገና አልተጀመረም።

የአመራሩ ሥራ ፋታ ስለማይሰጥ በተግባር የሚዘልቀው ምርምር ጠባብ ጥያቄ ያለው፣ ቀድሞ በተያዙ መዝገቦች የሚጠቀምና ከጥቂት መምህራን ጋር የሚሠራ ነው። የጋራ ሥራነቱም ከጊዜ ቁጠባ ያለፈ ጥቅም አለው። የትምህርት አመራር ተመራማሪዋ ቪቪየን ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስበው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ትንተና፣ ካነጻጸሯቸው አምስት የአመራር ዘርፎች ከተማሪዎች ውጤት ጋር ጠንካራ ግንኙነት ያሳየው አመራሩ የመምህራንን ሙያዊ ትምህርት ማበረታታቱና ራሱም አብሮ መማሩ ነበር። ምርምሩ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ርዕሰ መምህሩ በተዛወረ ማግስት ይቋረጣል። በቡድን ተይዞ ጥያቄው፣ መነሻ መረጃው፣ የተወሰደው እርምጃና ውጤቱ በአጭር ሰነድ ሲቀመጥ ግን ተተኪው ከዚያው ይቀጥላል፤ ውጤት ያላመጣው እርምጃና ያላመጣበት ምክንያትም አብሮ መጻፍ አለበት፣ አዲሱ አመራር ያንኑ እንደ አዲስ ሐሳብ ይዞ እንዳይነሣ።