የንግድ ምልክት ምንድን ነው? ለክለብ ስም ለሚያወጡ ሰዎች

ጅማ ውስጥ አዲስ የፕሮፌሽናል እግር ኳስ ክለብ ይቋቋም የሚል ጨዋታ ሲነሳ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ስሙ ማን ይባል በሚለው ላይ ግን ሁሉም አዋቂ ነው። ይህ አይከፋኝም፤ ስም ማውጣት ደስ የሚል ሥራ ነው። የሚያናድደኝ ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ንግግር ነው። «ቶሎ ብለን በንግድ ምልክትነት እናስመዝግበው። ከዚያ ወዲያ ቃሉ የእኛ ነው፤ ሌላ ማንም አይነካውም፣ እኛ ግን እንደፈለግን እንጠቀምበታለን።» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንኑ በሙሉ ልብ ሲያስረዳ ሰማሁ። አድማጮቹም ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስሕተት ነው፤ ቃሉ የእናንተ አይሆንም፣ እንደፈለጋችሁም አትጠቀሙበትም።

ጠበቃ ነኝ፤ ከሥራዬ አብዛኛው ንግድ ምልክት ነው። ማመልከቻ የት እንደሚገባና ምን ያህል እንደሚከፈል የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን ጠይቃችሁ ታገኛላችሁና በዚያ ላይ ጊዜ አላጠፋም። አዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክት የሚለው የአንዱን ሰው ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው ዕቃ ወይም አገልግሎት ለመለየት የሚያስችል፣ በዓይን የሚታይ ምልክት ነው። ቃል፣ ሥዕል፣ ፊደል፣ ቁጥር፣ ቀለም ሊሆን ይችላል። ሰዎች ይህን ሲያነቡ «ምልክት» የሚለውን ይይዙና «ዕቃ ወይም አገልግሎት» የሚለውን ይዘሉታል። ጥፋቱ ሁሉ የሚጀምረው እዚያ ነው።

በጅማ ዙሪያ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል ገበሬ ነገሩን ከብዙ ነጋዴ በተሻለ ይረዳዋል። ዛፉ የእሱ አይደለም። ጫካውም የእሱ አይደለም። ንቡም ቢሆን ካልተመቸው ነገ ጥሎት ይሄዳል። የእሱ የሆነው በዚያ ዛፍ፣ በዚያ ቅርንጫፍ ላይ የሰቀለው ቀፎ ነው። ሌላ ሰው መጥቶ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ አስጠግቶ ቢሰቅል ይከራከረዋል፤ ከዛፉ ሥር ጥላ ፍለጋ የተቀመጠውን ግን ሊያስነሳው አይችልም። እንግዲህ ቃሉ ዛፉ ነው፤ የተመዘገበው ምልክት ቀፎው ነው። ቅርንጫፉ ደግሞ በእኛ ሙያ ምድብ የምንለው፣ ዕቃና አገልግሎት በየዓይነቱ የተከፈለበት ክፍል ነው።

ምድቦቹ 45 ናቸው፤ መነሻቸው እ.ኤ.አ. በ1957 ኒስ በተባለችው የፈረንሳይ ከተማ የተፈረመ ስምምነት ነው። ከ1 እስከ 34 ያሉት ለዕቃ፣ ቀሪዎቹ ለአገልግሎት። የስፖርት ውድድርና መዝናኛ ምድብ 41 ውስጥ ይገባል፤ ማሊያና ሌላው ልብስ ምድብ 25፤ ቡና ምድብ 30፤ ቢራና ለስላሳ መጠጥ ምድብ 32። ማመልከቻው ላይ ምልክቱ የሚውልበትን ዕቃና አገልግሎት የሚዘረዝሩበት ቦታ አለ። ደንበኞቼ ቅጹን ራሳቸው ሞልተው ሲያመጡልኝ እዚያ ቦታ ላይ በትልልቅ ፊደል «ለሁሉም» ተብሎ ተጽፎ አገኛለሁ። አንዱማ «ወደፊት ለሚፈጠረውም ጭምር» የሚል አክሎበት ነበር። ጫካውን በሙሉ በአንድ ቀፎ መያዝ ማለት ይህ ነው።

በጨዋታ ቀን ስታዲየም በር ላይ ማሊያ ዘርግቶ የሚሸጠውን ልጅ አስቡት። ደረቱ ላይ ያለው አርማ በሙቀት የተለጠፈ ነው፤ አንዱ ጠርዝ ገና ሳይለበስ ተነሥቷል፤ አረንጓዴው ከክለቡ አረንጓዴ ይልቅ ይጮኻል። ክለቡ ስሙንና አርማውን ያስመዘገበው በምድብ 41 ብቻ ከሆነ ይህን ልጅ ለማስቆም የሚሄድበት መንገድ ከሚገምተው በላይ ረጅም ነው። ልብሱን የሚመለከተው ምድብ 25 ነውና። በእርግጥ ጥበቃው ወደ ተቀራራቢ ዕቃና አገልግሎት ሊዘረጋ ይችላል፤ በሰፊው የታወቀ ምልክትም ከዚያ ያለፈ ጥበቃ አለው። ዛሬ የተወለደ ክለብ ግን በሰፊው የታወቀ አይባልም፤ ደጋፊዎቹ ምንም ቢያስቡ።

ደግሞም ቀፎ ሰቅሎ መርሳት አለ። ምዝገባው ሰባት ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ በየሰባት ዓመቱ ይታደሳል። ለሦስት ዓመት ያለ በቂ ምክንያት ሥራ ላይ ያልዋለ ምልክት ደግሞ ጥቅሙ የተነካ ሰው ጠይቆ ሊያሰርዘው ይችላል። ስለዚህ «ክለቡ እስኪቋቋም አሥር ስም ይዘን እንቆይ» የሚለው ብልጠት ባዶ ቀፎ መደርደር ነው።

ወደ ጅማ ስሞች ልምጣ። ከሁሉ በላይ የምሰማው «ጅማ ቡና» የሚለውን ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከተማው ቡና ነው፣ ዙሪያው ቡና ነው፣ የሚነግደውም ቡና ነው። አስተያየት ሰጪያችን «ከእኛ በላይ ለዚህ ስም መብት ያለው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ያምራል፤ ሕጉ የሚጠይቀው ግን የተገላቢጦሹን ነው። የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመጣበትን ቦታ ከመግለጽ ያለፈ ሥራ የሌለው ምልክት አይመዘገብም። ስሙ ዕቃውን በገለጸ መጠን ደካማ ይሆናል። ምክንያቱም ያንኑ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ ያንኑ ቃል ይፈልጋል። ዋርካ ላይ ቀፎ ለመስቀል እንደመሞከር ነው፤ መንደሩ በሙሉ የሚሰበሰብበትን ዛፍ ለአንድ ሰው ማን ይለቅለታል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። «ቡና» ለእግር ኳስ ምንም አይገልጽም፤ ኳስ አይቆላም፣ አይፈላም። ስለዚህ በምድብ 41 ቃሉ ከሞላ ጎደል ጠንካራ ነው። ድክመቱ እዚያ ሌላ ነው፤ ኢትዮጵያ ቡናና ሲዳማ ቡና በዚሁ ቃል ተጠርተው አንድ ሊግ ውስጥ ተጫውተዋል፣ የእኛው ከተማ ጅማ አባ ቡናም አለ። ቃሉን የትኛውም አልገዛውም፤ ሲዳማንና ኢትዮጵያን የሚለየው ከፊቱ ያለው ቃል ነው። አሁን ግን «ጅማ ቡና» የተባለው ክለብ ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ገንዘብ አጠረውና በስሙ የታሸገ ቡና ልሽጥ አለ እንበል። ይህ ሐሳብ ከስሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ስለሆነ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ምድብ 30 ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ እዚያ «ጅማ» ቦታ ነው፣ «ቡና» ዕቃው ራሱ ነው። «ጅማ 5» በዓለም ገበያ የታወቀ ያልታጠበ ቡና ደረጃ ነው። የክለቡ ስም ሊሸጠው ባሰበው ዕቃ ላይ ሲደርስ ከስምነት ወጥቶ ተራ መግለጫ ሆነ። ሜዳ ላይ የሚያገለግል፣ ሱቅ ውስጥ ግን የማያገለግል ስም ማለት ይህ ነው።

አገራችን ራሷ ይህን ግድግዳ ገፍታ አይታዋለች። ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ ስታመለክት ይርጋጨፌ ሲመዘገብ ሌሎቹ ላይ የተነሳው ተቃውሞ ስሞቹ የቡናውን ዓይነት የሚገልጹ ናቸው የሚል ነበር። የአሜሪካው ቡና ሻጭ ኩባንያ ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር የተስማማው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። አንድ መንግሥት ይህን ያህል ከደከመ፣ ገና ሜዳ ያልገባ ክለብ በአንድ ወረቀት እጨርሰዋለሁ ማለቱ ይገርመኛል።

ሁለተኛው ስሕተት፣ «እንደፈለግን እንጠቀምበታለን» የሚለው፣ ከመጀመሪያው ይብሳል። የንግድ ምልክት የመከልከል መብት ነው። ሌላው በእናንተ ምልክት፣ በእናንተ ምድብ እንዳይጠቀም ታስቆማላችሁ። እናንተ በምትፈልጉበት ቦታ ሁሉ እንድትጠቀሙ ግን ማንንም አያስገድድም። ቀፎው የእናንተ መሆኑ ጫካው ውስጥ ለመግባት ፈቃድ አይሆንም። የኃይል ሰጪ መጠጥ አምራቹ ሬድ ቡል ያለው ምልክት በዓለም ላይ ከታወቁት አንዱ ነው፤ ምዝገባ የጎደለው አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2009 ላይፕዚግ ውስጥ ክለብ ሲያቋቁም ግን የጀርመን እግር ኳስ ደንብ የስፖንሰርን ስም በክለብ ስም ውስጥ ስለማይፈቅድ ክለቡን «ራዘንባልሽፖርት ላይፕዚግ» ብሎ ሰየመው፤ ሣር ላይ የሚደረግ የኳስ ስፖርት እንደማለት ነው። በአጭሩ ሲጻፍ የሚቀሩት ሁለት ፊደላት (RB) ከኩባንያው ስም መነሻ ፊደላት ጋር አንድ ናቸው፤ ማንም አልተታለለም፣ ደንቡ ግን አልተጣሰም። የኦስትሪያው ሬድ ቡል ሳልዝበርግም የአውሮፓ ውድድር ላይ ሲሰለፍ ኤፍ ሲ ሳልዝበርግ ተብሎ ነው። እዚህም ቢሆን ስሙን የሚቀበለው ፌዴሬሽኑ በራሱ ደንብ ነው። የንግድ ምልክት ምስክር ወረቀት ለፌዴሬሽኑ ትእዛዝ አይደለም፤ የፌዴሬሽን ምዝገባም የንግድ ምልክት አይደለም። የንግድ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የንግድ ስምም ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው። ሦስቱን «ስማችን ተመዝግቧል» በሚል አንድ ሐረግ ጠቅልሎ የሚናገር ሰው የቱን ይዞ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

አስተያየት ሰጪያችን ግማሽ እውነት የተናገረበት ቦታ ስላለ ሚዛን እንዳላጎድል። «አባ ጅፋር የታሪክ ስም ነው፣ የማንም የግል ንብረት አይደለም፣ ስለዚህ አዲሱም ክለብ ይጠራበት» አለ። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት፣ ቤተ መንግሥታቸው እስካሁን ጅሬን ላይ የቆመው የዳግማዊ አባ ጅፋር ስም የአንድ ድርጅት አይደለም የሚለውን እቀበላለሁ። ዛፉ የሁሉም ነው። የእግር ኳሱ ቅርንጫፍ ላይ ግን ቀፎ ተሰቅሎበታል፤ የሰቀለውም ጅማ አባ ጅፋር ነው፣ ያውም በ2010 ዓ.ም. በመጀመሪያ የፕሪሚየር ሊግ ዓመቱ ዋንጫ ያነሳ ክለብ። ሁለተኛ «አባ ጅፋር» ሲመጣ የሚጠየቀው ጥያቄ ታሪኩ የማን ነው የሚል አይደለም። ትኬት የሚገዛው፣ በሬዲዮ ውጤት የሚሰማው ተራ ሰው ሁለቱን ያምታታል ወይ የሚል ነው። ያምታታል። ምዝገባ ባይኖር እንኳ ሸማቹን የሚያደናግር ተግባር በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ክልክል ነው። ፊትና ኋላ አንድ ቃል መጨመር፣ «ጅፋር»ን «ጂፋር» ብሎ መጻፍ አያድንም፤ ድምፁ ያው ነውና።

የጋራ የሆነ ቃል ላይ ደግሞ ትልቁም ክለብ ብቻውን ልያዝ ሲል ጠብ ይነሣል። የሚላኑ ኢንተር «ኢንተር» የሚለውን ቃል በአሜሪካ ለማስመዝገብ ሲያመለክት የአሜሪካው ሊግ ተቃወመ፤ መከራከሪያውም ቃሉ በብዙ አገር ብዙ ክለቦች የሚጠሩበት ነው የሚል ነበር። ያኔ ኢንተር ማያሚ የተባለ አዲስ ክለብ ወደ ሊጉ ሊገባ ነበርና ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የብራዚሉ ኢንተርናሲዮናል ከ1909 ጀምሮ አለ፤ ከሚላኑ የሚያንሰው በአንድ ዓመት ብቻ ነው።

ሕጉ የማይደርስበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 መጀመሪያ በሂውስተን ከተማ አዲስ ክለብ «ሂውስተን 1836» ተብሎ ይፋ ሆነ። ቁጥሩ ከተማዋ የተመሠረተችበት ዓመት ነው፤ ከሕግ አንጻር ለእግር ኳስ ምንም የማይገልጽ፣ እኔ ደንበኛዬ ይዞት ቢመጣ ደስ የሚለኝ ምልክት። ያው ዓመት ግን ቴክሳስ ከሜክሲኮ የተገነጠለችበት ነው። የክለቡ ትልቅ ደጋፊ ይሆናል የተባለው የሜክሲኮ ተወላጅ ተቆጣ፤ አንድ ጨዋታ ሳይደረግ ስሙ ተነሥቶ «ሂውስተን ዳይናሞ» ሆነ። ጅማ ላይ የታሪክ ዓመት ወይም የጦር ሜዳ ስም የሚያቀርብ ሰው ሲመጣ ይህን እነግረዋለሁ፤ የእኔ ሥራ ባይሆንም።

ስለዚህ ምን ዓይነት ስም ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ «ጅማ» የሚለው ከፊቱ ይሁን፤ ቦታ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ከኋላው የሚመጣው ቃል ኳስንም፣ ልትሸጡት የምታስቡትንም ዕቃ የማይገልጽ ይሁን፤ ሌላ ክለብ ያልያዘው ይሁን፤ ሲጮኹት አፍ የሚሞላ ይሁን። የመጨረሻው የሕግ ምክር አይደለም። ማመልከቻውን በ41፣ በ25 እና በእውነት በምትሠሩበት ምድብ ብቻ አስገቡ። ስሙን በግዕዝ ፊደልም በቁቤም አስመዝግቡት፤ ጅማ ውስጥ ታፔላው በሁለቱም ስለሚጻፍ ማሊያውም በሁለቱም መጻፉ አይቀርም። ቃሉን ለብቻ፣ አርማውን ለብቻ አመልክቱ፤ አርማ ይቀየራል፣ ቃሉ ግን እንዲቆይ ትፈልጋላችሁ።

አርማውን በውድድር ልታሠሩ ካሰባችሁ ደግሞ አሸናፊው የሥዕሉን መብት ለክለቡ ያስተላለፈበት ጽሑፍ ይኑራችሁ። ሥዕሉ በቅጂ መብት የሚጠበቅ ሥራ ነው፤ የንግድ ምልክት ምዝገባው ብቻውን ያንን መብት ወደ እናንተ አያዞረውም። ሽልማቱን ከመስጠታችሁ በፊት አስፈርሙት።