የብሽሽት ሕመም እና «ኦፕራሲዮን ይሻለኛል» የሚሉኝ ተጫዋቾች

የድሬዳዋ ኳስ ተጫዋች ብሽሽቱን ሲያመው ወደ እኔ፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ (በመልመጃና በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ባለሙያው የሚመጣው በሩ ሁሉ ካለቀበት በኋላ ነው። ሲመጣም ምክር ሊጠይቅ ሳይሆን ውሳኔውን ሊያሳውቅ ነው፦ «ሁሉን ሞክሬ እምቢ ብሎኛል፤ ኦፕራሲዮን ይሻለኛል።» ከሳቢያን የመጣውም፣ ከገንደ ቆሬ የመጣውም፣ ከሐረር ተሳፍሮ የመጣውም ያንኑ ይላል። እኔም ያንኑ መልስ ስመልስ ስለከረምኩ፣ ይኸው በጽሑፍ።

«ሁሉን ሞክሬአለሁ።» አልሞከርክም። ምን ምን እንደተደረገ ስጠይቅ ዝርዝሩ አይለወጥም፤ ወጌሻ አሸው፣ ቅባት ተቀባ፣ ማስታገሻ መርፌ ተወጋ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ወር አረፈ። ከእነዚህ ውስጥ የደከመውን ጡንቻ የሚያጠነክር አንድም የለም።

የውስጥ ጭን ጡንቻዎች በጅማት ከዳሌው የፊት አጥንት ጋር ተያይዘዋል። ኳስ ሲመታ፣ በሩጫ ላይ ድንገት ሲታጠፉ ትልቁ ጫና የሚያርፈው እዚያ ነው። ተጫዋቹ ሲያርፍ ጫናው ስለሚቀር ሕመሙም ይጠፋል፤ ጡንቻው ግን በዕረፍቱ ይበልጥ ይደክማል። ከዚያ «ድኛለሁ» ብሎ በደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ሙሉ ጨዋታ ይጫወታል፤ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ የሚወርደው እግሩን በእጁ እያነሳ ነው። ይህን ዙር ሦስት ጊዜ የደገመ ሰው ሦስት ጊዜ ታከምኩ ብሎ ይቆጥራል።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ የተሠራ ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ለወራት የዘለቀ የውስጥ ጭን ሕመም ያለባቸውን ስፖርተኞች ለሁለት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ታሸ፣ የሌዘር ጨረር ሕክምና ተደረገለት፣ ተሳሳበ። ሌላው ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚያጠነክር መልመጃ ሠራ። በመልመጃው በኩል ክትትሉን ከጨረሱት 29 ሰዎች 23ቱ ያለ ሕመም ወደ ቀድሞ ስፖርታቸው ተመለሱ። በመታሸቱ በኩል ከ30 ሰዎች የተመለሱት 4 ናቸው። ቁጥሩን ወጌሻ ለሚያዘወትሩ ታካሚዎቼ ሁሉ እነግራለሁ፤ ብዙዎቹ ግን ዘይቱ ሞቅ ያለ ከሆነ ይሠራል ብለው ያምናሉ።

አንድ የክንፍ ተጫዋች አዲስ አበባ ሄዶ ለመታከም ባጃጁን ሊሸጥ ገዢ አግኝቶ ነበር። አልጋው ላይ በጀርባው አስተኛሁትና እግሮቹን ዘርግቶ በቁርጭምጭሚቶቹ መካከል ያስገባሁትን ክንዴን እንዲጨምቅ ነገርኩት። ጨመቀ፤ ፊቱ ተጨማደደ፤ ክንዴ ግን ሕፃን የያዘው ያህል እንኳን አልተሰማውም። ጣቴን ጅማቱ አጥንቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ሳሳርፍ «እሱ ነው፣ እሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። ባጃጁን እንዳይሸጥ ለምኜው መልመጃ ጀመርን፤ መጀመሪያ በጉልበቶቹ መካከል ኳስ መጭመቅ፣ ቀጥሎ በላስቲክ ማጥበቅ፣ በመጨረሻ የኮፐንሃገን መልመጃ። ሦስት ወር ፈጀ፤ በየሳምንቱም «ዶክተር፣ ይሄ ሕክምና ነው?» እያለ አሾፈብኝ። ዛሬ ሁለቱንም ይነዳል፤ ኳሱንም ባጃጁንም።

የኮፐንሃገኑን እግረ መንገዴን ላስረዳ፤ አሠልጣኞችም ያንብቡት። በጎን ተኝቶ ክንድን መሬት ላይ ማስደገፍ፤ ጓደኛ የላይኛውን እግር ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ይዞ በወገቡ ልክ ያነሳል፤ ተጫዋቹ በላይኛው እግሩ ኃይል ሰውነቱን ከመሬት እያነሳ የታችኛውን እግር ወደ ላይ ያመጣና ቀስ ብሎ ይመልሳል። ዕቃ አይፈልግም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የኖርዌይ ጥናት ይህን በዝግጅት ወቅት በሳምንት ሦስቴ፣ በውድድር ወቅት አንዴ በሠሩ ቡድኖች ውስጥ የብሽሽት ችግር የመከሰት ዕድል በ41 በመቶ ያነሰ እንደነበር አሳይቷል። እዚህ ግን ማሟሟቂያው እስካሁን ሜዳውን ሁለት ዙር መሮጥና እግር ማወዛወዝ ነው።

«ቡአ ነው።» ቡአ ሲያስሉ ወይም ሲያምጡ ያብጣል፤ ይታያል፤ በእጅም ይነካል። የስፖርተኛው ሕመም ግን ብዙ ጊዜ እብጠት የለውም። የታችኛው ሆድ ግድግዳ ስለላላ ሲያስል፣ ከተኛበት ሲነሳ፣ ኳስ ሲመታ ከብሽሽቱ ከፍ ብሎ ያመዋል። እዚህ ላይ ለቀዶ ሕክምና ፍትሕ ልስጥ፤ በትክክል ለተመረጠ ሰው በደንብ ይሠራል። በፊንላንድ በ60 ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የላላውን ግድግዳ የሚደግፍ መረብ በመሣሪያ ከተቀመጠላቸው 90 በመቶው በሦስት ወር ውስጥ ወደ ስፖርት ሲመለሱ፣ ካልተቀደዱት የተመለሱት 27 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁልፉ ያለው መምረጡ ላይ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ዶሃ ላይ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች የስፖርተኛ ብሽሽት ሕመምን ከውስጥ ጭን፣ ከዳሌ አጣፊው ጡንቻ፣ ከታችኛው ሆድ ግድግዳ፣ ከፊተኛው የዳሌ መጋጠሚያ እና ከዳሌ መገጣጠሚያ የሚነሳ ብለው የለዩት ለዚሁ ነው። አንድ ሰው ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ለላላ ግድግዳ የተሠራ መረብ ለታመመ ጅማት ምንም አይፈይድም።

«ራጁ መገጣጠሚያህ ተበልቷል ይላል።» አንድ የግል ክሊኒክ ይህን ብሎ አስደንግጦ የላከው ተከላካይ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ነው የመጣው። ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ከፊት የሚገናኙበት መጋጠሚያ ለዓመታት ኳስ በመታ ሰው ላይ ሻካራ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ምንም በማያመው ላይ ጭምር። የጭን አጥንት አናት ላይ የሚታየው ጉብታም እንዲሁ፤ በልጅነታቸው አጥንታቸው እያደገ ሳለ አብዝተው በሠለጠኑ ተጫዋቾች ላይ ይበዛል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው የዎርዊክ ስምምነት የተባለው የባለሙያዎች መግባቢያ ጉብታው በዳሌ መገጣጠሚያ ውስጥ የሚያመጣውን ችግር ለመሰየም ሦስት ነገር አብሮ ይጠይቃል፦ ሕመም፣ በእጅ ምርመራ የተገኘ ምልክት እና ምስል። ምስል ብቻውን ሰው አያስቀድድም። ሦስቱ ከተሟሉስ? በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 348 ሰዎችን በዳሌ ውስጥ በመሣሪያ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና እና በፊዚዮቴራፒ አነጻጽሯል፤ ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፣ የቀዶ ሕክምናው ወገን በመጠኑ በለጠ። ፊተኛውን መጋጠሚያ መፋቅ ወይም በብረት ማሰር ግን መልመጃው በአግባቡ ለብዙ ወራት ተሠርቶ ሲከሽፍ ብቻ የሚታሰብ የመጨረሻ በር ነው።

«ከተቀደድኩ በኋላ መልመጃ አያስፈልገኝም።» ያስፈልግሃል፤ ያው መልመጃ፣ ከጠባሳ ጋር።

«ብርድ መትቶኝ ነው።» ድሬዳዋ ላይ? በግንቦት?

«የስፖርት ሕመም ነው፤ ይተዋል።» በዚህኛው አልቀልድም። በደንገጎ ዳገት የምትለማመድ አንዲት ሯጭ ብሽሽቷን ሲያማት ለሳምንታት እየታሸች ሮጠች። እኔ ጋ ስትመጣ በአንድ እግሯ መቆም አቅቷት ነበር፤ ሌሊትም ያማት ነበር። አልነካኋትም፤ ወደ አጥንት ሐኪም ላክኋት። በተደጋጋሚ ጫና የጭን አጥንቷ አንገት ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁም ከላይ በኩል ስለሆነ በብሎን ታሰረ። እንዲህ ዓይነቱ ፈጽሞ ከተሰበረ ለአጥንቱ አናት የሚደርሰው ደም ሊቋረጥ ይችላል። ርቀት የሚሮጥ፣ በተለይ ክብደቷ የቀነሰና የወር አበባዋ የቀረ ሯጭ፣ ብሽሽቷን ካመማት መታሸት ሳይሆን ሐኪም ትፈልግ።

ከኋላ በኩል፣ ወገብና ዳሌ በሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚሰማ ሕመምም ሁሌ የኳስ አይደለም። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ወጣት ተጫዋች እንዲህ ሲያመው ትኩሳትና የሌሊት ላብ እንዳለው የተናገረው ስጠይቀው ብቻ ነው። ቤታቸው የግመል ወተት ሳይፈላ ይጠጣል። የደም ምርመራው ብሩሴሎሲስ (ካልፈላ ወተት ሊመጣ የሚችል በሽታ) መሆኑን አሳየ። የፈለገው ለሳምንታት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ እንጂ የእኔን ላስቲክም ሆነ የቀዶ ሐኪሙን ቢላ አልነበረም፤ ወተቱንም ከዚያ ወዲህ እናቱ ታፈላለች።