እጅ እያየ የሚታዘዝ ኮምፒውተር

ማውስ የለም፣ ኪቦርድ የለም። ካሜራው እጅን ያያል፤ ኮምፒውተሩም እንቅስቃሴውን እንደ ትእዛዝ ይወስደዋል። በእጅ ምልክት የሚሠራ የኮምፒውተር የሥራ ቦታ ማለት በአጭሩ ይኸው ነው።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። አሜሪካዊው ማይረን ክሩገር በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቪዲዮፕሌስ በተባለ ሥራው ካሜራ የቀረጸውን የሰው ጥላ ስክሪን ላይ ካሉ ምስሎች ጋር አጫውቷል። ጓንት ማጥለቅ፣ ሽቦ መጎተት አልነበረም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ተመራማሪው ፒየር ዌልነር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካምብሪጅ በነበረው የዜሮክስ ቤተ ሙከራ የሠራው ዲጂታል ዴስክ ነው። ተራ ጠረጴዛ ነው። ከበላዩ ፕሮጀክተርና ካሜራ ተሰቅለዋል። ፕሮጀክተሩ የካልኩሌተር ምስል ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል። አጠገቡ የታተመ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ ያለ ቁጥር በጣት ሲጠቆም ካሜራው ያነበዋል፤ ቁጥሩም ካልኩሌተሩ ውስጥ ይገባል። አንድ ነገር ግን ለካሜራው ከበደው፦ ጣቱ ነክቷል ወይስ ከላይ ያንዣብባል? ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር ማይክሮፎን ተለጠፈ። ኳ ካለ፣ ነክቷል ማለት ነው።

የዘርፉ ዋና ራስ ምታት ዛሬም እዚያው ነው። እጅን ማየቱስ ቀሏል። ኪኔክት የተባለው የማይክሮሶፍት ካሜራ በ2010 በኢንፍራሬድ፣ ማለትም ዓይን በማያየው ብርሃን፣ ርቀት እየለካ መጣ። ጉግል በ2019 ያወጣው የሚዲያፓይፕ የእጅ መከታተያ ሶፍትዌር ደግሞ በተራ ካሜራ 21 የእጅ ነጥቦችን ይለያል። ጣጣው እጁ መቼ ትእዛዝ እንደሚሰጥ፣ መቼ አፍንጫ እያከከ እንደሆነ ማወቁ ላይ ነው። ባለሙያዎቹ የሚዳስ ችግር ይሉታል፤ ፈለገም አልፈለገ የነካው ሁሉ ወርቅ በሆነበት ንጉሥ ስም።

ድካምም አለ። አየር ላይ እጅ ዘርግቶ መሥራት ለጥቂት ደቂቃ ደስ ይላል፤ ከዚያ ትከሻ ይዝላል። ለዚህም ስም ወጥቶለታል፦ የጎሪላ ክንድ። በ2024 ገበያ ላይ የዋለው፣ እንደ መነጽር ዓይን ላይ የሚጠለቀው የአፕል ቪዥን ፕሮ ዘዴ ዘይዷል። ዓይን ይመርጣል፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲነካኩ ትእዛዙ ይፈጸማል። እጅ ጭን ላይ ቢያርፍም ችግር የለም።

ረጅም ጽሑፍ ለመጻፍ ግን ኪቦርድን የሚያስንቅ አልመጣም። ዘዴው የሚያዋጣው መንካት በማይቻልበት ቦታ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል ሐኪሙ የታጠበ እጁን ሳያቆሽሽ የታካሚውን ራጅ በምልክት እያገላበጠ እንዲያይ ኪኔክት ተሞክሯል። እዚያም ቢሆን በአልጋው ዙሪያ ብዙ እጅ ይንቀሳቀሳል፤ ኮምፒውተሩ የማንን እጅ እንደሚታዘዝ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።