ደራሽ ጎርፍ ምንድን ነው?

ድሬዳዋ ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይመጣል። አገር አቋርጦ ለመጣ እንግዳ ይሄ ተአምር ሊመስለው ይችላል።

ደራሽ ጎርፍ ማለት ዝናቡ ከጣለ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ድንገት የሚደርስ ጎርፍ ነው። ባለሙያዎች ከ6 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚመጣውን ነው እንዲህ የሚሉት። ገደላማ አገር ላይ ደግሞ ከዚያም በጣም ያጥራል። ዝናቡ የግድ እርስዎ የቆሙበት ላይ መጣል የለበትም።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በስተደቡብ ያለው የደንገጎ ተራራ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። መሃላቸው በአስፋልቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ደንገጎን ጣራ፣ ደቻቱን አሸንዳ አድርጋችሁ አስቡት። ከተማዋ የቆመችው አሸንዳው ስር ነው። ተዳፋቱም የተራቆተ ስለሆነ ውሃውን ያዝ የሚያደርገው ነገር ጥቂት ነው።

ትልቁ ዝናብ የሐምሌና የነሐሴው ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ግን የበልጉ መግቢያም ጭምር ነው። መሬቱ ወራት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ገጹ ድርቅ ብሏል። ሣሩ ገና አልበቀለም። ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድበት ወደ ውስጥ ከሚሰርገው ይልቅ ሽቅብ ነጥሮ ቁልቁል የሚሮጠው ይበዛል። ሰዉም ተዘናግቷል። ገበያ የቆመበት፣ ልጆች ኳስ ሲያንከባልሉበት የከረሙት አሸዋ ወንዝ መሆኑን ማን ያስታውሳል?

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ ጎርፉ የመጣው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነበር። ከ250 በላይ ሰው አለቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቀሉ። ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ግን ዳር ላለ ቤት እንጂ አሸዋው ላይ ለቆመ ሰው አይሆንም።

ስለዚህ በዝናብ ወራት ወደ ደቻቱ ከመውረድዎ በፊት አናትዎ ላይ ያለውን ሰማይ ትተው ደንገጎን ይዩ። ጠቁሮ ከዋለ፣ ይቅር። አሸዋው ላይ እያሉ ቀጭኗ ውሃ ከደፈረሰች፣ ጭራሮና ገለባ ይዛ ከመጣች፣ ወይም ከላይ በኩል ጉርምርምታ ከተሰማ፣ ዕቃ ልሰብስብ አይበሉ። ወንዙን ተከትለው ቁልቁል አይሩጡ፤ ቅርብ ወዳለው ዳር ይውጡ።

የውሃውን ማነስም አይመኑት። የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ አዋቂ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል። ወሪያ፣ ታዲያ ባጃጅ ምን ክብደት አላትና ነው በሷ የሚሻገሩት?

ጎረፍ ብሎ ሲጎድል ደግሞ እንጨት ለመልቀም የሚገቡ አሉ። አቦ፣ ትንሽ ይታገሱ። ወደ ደቻቱ የሚገቡት ገባር ወንዞች እኩል አይደርሱም፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ሊብስ ይችላል።