በግማሽ የቀረ ታነል፦ ስለ አይፒሴክ ቪፒኤን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አይፒሴክ ታነል (ሁለት ኔትወርኮችን በኢንተርኔት ላይ በኢንክሪፕሽን የሚያገናኝ የቪፒኤን መስመር) ተጀምሮ ሳይሟላ ሲቀር ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሮጠው ሴቲንግ ወደ መቀያየር ነው። አንዱን ጎን ነካ ያደርጋል፣ ሬስታርት፤ ሌላውን ነካ ያደርጋል፣ ሬስታርት። ትንሽ ቆይቶ የመጀመሪያው ችግር የቱ እንደነበረና በመሃል የተጨመረው የቱ እንደሆነ የሚለይ የለም። መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ድርድሩ (ሁለቱ ጎኖች ታነሉን ለማንሳት የሚለዋወጡት መልእክት) ስንተኛው መልእክት ላይ ቆመ የሚለው ነው። ከታች ያሉት አመለካከቶች አብዛኞቹ ይህን ጥያቄ የሚያስዘልሉ ናቸው።

«ፒንግ ይመልሳል፣ ስለዚህ መስመሩ ክፍት ነው»

ፒንግ የሚሄደው አይሲኤምፒ በሚባል ሌላ ፕሮቶኮል ነው። አይኬኢ፣ ማለትም የድርድሩ ፕሮቶኮል፣ ድርድሩን የሚጀምረው በዩዲፒ ፖርት 500 ነው፤ በመሃል ናት (የፓኬቱን አይፒ አድራሻ መቀየር) ካገኘ ወደ ዩዲፒ 4500 ይዛወራል። ዳታው ደግሞ ናት ከሌለ በኢኤስፒ (ኢንክሪፕት የተደረገውን ዳታ የሚሸከም ፕሮቶኮል)፣ ናት ካለ በዚያው በ4500 ውስጥ ተጠቅልሎ ያልፋል። የአንዱ መከፈት ስለሌላው ምንም አይናገርም። ፒንግ ከማይመልስ ጌትዌይ (የታነሉ ጫፍ የሆነ መሣሪያ) ጋር ታነል ያለ ችግር ሊነሳ ይችላል።

ኢኤስፒ የአይፒ ፕሮቶኮል ቁጥር 50 እንጂ ፖርት 50 እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ፋየርዎል ላይ «ዩዲፒ 50» ብሎ የከፈተ ሰው ለታነሉ የከፈተው ነገር የለም።

«አልተገናኘም ማለት የጋራ ቁልፉ ተሳስቷል ማለት ነው»

ሊሆን ይችላል፤ ግን ቁልፉ (በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ሆኖ የሚገባው ሚስጥር) የሚፈተሸው ዘግይቶ ነው። በአይኬኢ ስሪት 1 ዋና ሞድ 6 መልእክቶች አሉ። 1 እና 2 የኢንክሪፕሽን ምርጫ ይደራደራሉ፣ 3 እና 4 የዲፊ ሄልማን ልውውጥ (የጋራ ሚስጥር ማመንጫ) ያደርጋሉ፣ ማንነት የሚረጋገጠው በ5 እና 6 ነው። ሲስኮ ኤኤስኤ ፋየርዎል ላይ ጀማሪው ጎን (ድርድሩን የከፈተው) 2ኛውን መልእክት እየጠበቀ ከቆመ ስለ ቁልፉ ማሰብ ጊዜ ማባከን ነው። ያኔ የሚታየው የአቻው (የሌላው ጎን መሣሪያ) አድራሻ፣ ዩዲፒ 500 እና ወዲያኛው ጎን ጭራሽ ለዚህ አቻ ኮንፊገር መደረጉ ነው። 6ኛውን እየጠበቀ ከቆመ ግን ዋናው ተጠርጣሪ ቁልፉ ነው።

ሎግ የሚያነቡ ሰዎችን የሚያሳስተው ሌላም ነገር አለ። በስሪት 1 የጋራ ቁልፉ የኢንክሪፕሽን ቁልፎቹን ለማመንጨት ስለሚገባ፣ ቁልፉ ሲሳሳት 5ኛው መልእክት ሲፈታ ትርጉም የለሽ ባይት ይሆናል። ስለዚህ ተቀባዩ «የይለፍ ቃል ተሳስቷል» አይልም፤ የተበላሸ ፔይሎድ (የመልእክት ይዘት) ደረሰኝ ይላል። በስሪት 2 ግን ቁልፉ ለማረጋገጫ ብቻ ስለሚያገለግል መልእክቱ በትክክል ይፈታና «ኦተንቲኬሽን ፌይልድ» የሚል ግልጽ መልስ ይመጣል።

«የመጀመሪያው ልውውጥ አልፏል፣ ስለዚህ ኔትወርኩ ንጹህ ነው»

ከሁሉም በላይ ሰዓት የሚበላው ስህተት ይህ ነው። በስሪት 2 የመጀመሪያው ጥያቄና መልስ፣ አይኬኢ ኤስኤ ኢኒት፣ በ500 ያልፋል። ናት ከተገኘ ቀጣዩ፣ አይኬኢ ኦዝ፣ በ4500 ይሄዳል። 4500 ከተዘጋ የመጀመሪያው ይሳካል፣ ሁለተኛው ደጋግሞ ይላካል፣ መልስ የለም።

ፖርቱ ክፍት ሆኖም ያው ምልክት ሊታይ ይችላል። ማረጋገጫው በሰርተፊኬት ከሆነ የኦዝ መልእክቱ ከ1500 ባይት ሊያልፍና ፓኬቱ ሊቆራረጥ ይችላል፤ የተቆራረጠ ዩዲፒ የሚጥሉ ፋየርዎሎችና ራውተሮች ደግሞ ብዙ ናቸው። መለያው ቀላል ነው፦ የስህተት መልስ ከመጣ የማረጋገጫ ወይም የፖሊሲ ጉዳይ ነው፤ ዝምታ ከሆነ ግን መጀመሪያ መንገዱን ይጠርጥሩ።

በሁለቱም ጎን ፓኬቶቹን በቲሲፒደምፕ (ፓኬት መቅረጫ ፕሮግራም) ይቅረጹ። ሆኖም ፊልተሩን በፖርት 4500 ሳይሆን በአቻው አይፒ አድራሻ ያድርጉት። ከተቆራረጠ ፓኬት ውስጥ የዩዲፒ ሄደር ያለው የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ ነው፤ በፖርት ካጣሩ ሁለተኛው ቁራጭ ቢደርስም አይታይዎትም፣ እና ባልጠፋ ፓኬት ላይ «ጠፋ» ብለው ይፈርዳሉ። ላኪው ጋ ሁለት ቁራጭ ወጥቶ ተቀባዩ ጋ አንድ ብቻ ከደረሰ መልሱ ተገኘ። መፍትሔው የስሪት 2 የራሱ ፍራግመንቴሽን ነው፤ በ2014 በአርኤፍሲ 7383 የወጣ ሲሆን መልእክቱን ከኢንክሪፕሽን በፊት ከፋፍሎ ቁራጮቹን እንደ ሙሉ ዩዲፒ ፓኬት ይልካል። የሚሠራው ሁለቱም ጎኖች ሲደግፉት ብቻ ነው።

«ስህተቱን የጀማሪው ሎግ ይነግረኛል»

ጀማሪው የሚያገኘው «ኖ ፕሮፖዛል ቾዝን» (ካቀረብከው የመረጥኩት የለም) የሚል ደረቅ መልስ ነው። ምን ቀርቦ ምን ተፈልጎ እንደነበር የሚጽፈው ተቀባዩ ነው። የሌላውን ጎን አስተዳዳሪ ሎጉን ይጠይቁት፤ ካልሆነም ድርድሩ ከእሱ ጎን እንዲጀመር ያድርጉ፤ ያኔ ተቀባዩ እርስዎ ነዎት።

በነገራችን ላይ በስሪት 2 ሎግ ውስጥ «ኢንቫሊድ ኬኢ ፔይሎድ» ቢያዩ አይደንግጡ። ተቀባዩ «የገመትከውን ዲፊ ሄልማን ግሩፕ ሳይሆን ይህን እፈልጋለሁ» ማለቱ ነው፤ ጀማሪው ያንን ግሩፕ የሚደግፍ ከሆነ አስተካክሎ ይቀጥላል።

«አንዴ ከተነሳ ሴቲንጉ ትክክል ነው»

በስሪት 2 የመጀመሪያው ቻይልድ ኤስኤ (ዳታው የሚያልፍበት ስምምነትና ቁልፎቹ) የሚፈጠረው በኦዝ ልውውጡ ውስጥ ስለሆነ የራሱ ዲፊ ሄልማን የለውም። አንዱ ጎን ፒኤፍኤስ (ቁልፍ ሲታደስ አዲስ ዲፊ ሄልማን ማድረግ) በግሩፕ 14፣ ሌላው በግሩፕ 19 ቢዋቀር ታነሉ በሰላም ይነሳል፤ የሚወድቀው ቁልፍ ለማደስ ሲሞክር ነው። የቁልፉ ዕድሜ 3600 ሰከንድ ከሆነ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ይሠራና ይቆማል፣ ሰዉም «ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል» ይላል። ለማረጋገጥ ሰዓት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለሙከራ ብቻ ዕድሜውን ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ ያድርጉት።

«ሳብኔቱ ከተካተተ ይበቃል»

በስሪት 1 የሁለቱ ጎኖች ሳብኔት እንደ መስታወት መገጣጠም አለበት። አንዱ 192.168.10.0/24፣ ሌላው 192.168.0.0/16 ካለ፣ ውስጡ ያለ ቢሆንም ፌዝ 1 (የአይኬኢ ድርድሩ) ተነስቶ ፌዝ 2 (የዳታው ስምምነት) ሊቀር ይችላል። የባሰው ደግሞ ከአንዱ ጎን ሲጀመር የሚሠራ፣ ከሌላው ሲጀመር የማይሠራ ታነል ነው። ስሪት 2 ተቀባዩ ክልሉን እንዲያጠብ ይፈቅዳል፤ ግን ሁሉም መሣሪያ አያደርገውም፣ አንዳንዱ «ቲኤስ አንአክሰፕተብል» (ክልሉን አልቀበልም) ብሎ ይዘጋል።

«ተነስቷል ይላል፣ ትራፊክ ግን የለም፤ እንደገና ይደራደር»

እዚህ ላይ ድርድሩን ይተዉትና ቆጣሪዎቹን ይመልከቱ። የሚወጣው ፓኬት ቆጣሪ 0 ከሆነ ትራፊኩ ታነሉ ውስጥ አልገባም፤ ሩቲንጉን፣ ወይም ከኢንክሪፕሽን በፊት አድራሻውን የሚቀይረውን የናት ደንብ ይመርምሩ። የሚወጣው እየጨመረ የሚገባው 0 ከሆነ የወዲያኛውን ጎን ቆጣሪ ይጠይቁ። እዚያም የሚገባው 0 ከሆነ ኢኤስፒ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ በዩዲፒ መጠቅለልን ማስገደድ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። እዚያ እየገባ ምንም የማይወጣ ከሆነ የጎደለው የመመለሻ ሩት ወይም የሰርቨሩ የራሱ ፋየርዎል ፈቃድ ነው።

ሙከራውን ከጌትዌዩ ላይ በቀጥታ አያድርጉ። ፒንጉ በውጪው ኢንተርፌስ አድራሻ ሊወጣና ከሳብኔቱ ውጪ ሊሆን ይችላል፤ ምንጩን የውስጥ አድራሻ ያድርጉ። ትንሹ ፒንግ አልፎ ፋይል ዝውውር ከተንጠለጠለ ደግሞ የቲሲፒ ኤምኤስኤስን (በአንድ ፓኬት የሚያልፈውን የዳታ ጣሪያ) ወደ 1350 ባይት ዝቅ ያድርጉት።

«ሬስታርት ይፈታዋል»

አንዳንዴ ይፈታል፣ በተለይ አንዱ ጎን የሞተ ኤስኤ ይዞ ሌላው ሲረሳው፤ ማስረጃውን ግን አብሮ ይጠርጋል። መጀመሪያ ሎጉንና ቆጣሪዎቹን ያስቀምጡ። ከዚያ መሣሪያውን ሙሉ ከማስነሳት ይልቅ የዚያን አቻ ኤስኤ ብቻ በሁለቱም ጎን ያጥፉ፤ በአንዱ ብቻ ከጠፋ ሌላው በአሮጌው ቁልፍ እየላከ «ኢንቫሊድ ኤስፒአይ» (የማላውቀው የኤስኤ መለያ ቁጥር) ሊያስቆጥር ይችላል። ዲፒዲም (አቻው በሕይወት መኖሩን የሚፈትሸው) በሁለቱም ጎን ይብራ፤ አቻው ሲሞት ኤስኤው ዕድሜው እስኪያልቅ ተንጠልጥሎ እንዳይቆይ።