የነዳጅ ጉድጓድ ሰብመርሲብል ፓምፕ ምንድን ነው? ባህር ላይስ ለምን እንዲህ ይጨነቁበታል?

የነዳጅ ጉድጓድ ተቆፈረ ማለት ዘይቱ ሁሌም በራሱ ይፈልቃል ማለት አይደለም። መጀመሪያ ከመሬት በታች ያለው ግፊት ይገፋዋል። ግፊቱ ሲደክም ግን የሚያወጣው ያስፈልገዋል። አንዱ መላ ሰብመርሲብል ፓምፕ ነው፤ ሞተሩም ፓምፑም አብረው ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው፣ ፈሳሹ ውስጥ ተዘፍቀው ይሰራሉ። ሀሳቡ የቆየ ነው። ትብሊሲ የተወለደው አርማይስ አሩቱኖቭ የፈጠረው ሲሆን፣ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ነዳጅ ጉድጓድ ገብቶ መስራት ጀመረ።

ቅርጹ ቀጭንና ረጅም ነው። ጉድጓዱ ጠባብ ስለሆነ ወደ ጎን መስፋት አይቻልም። አንድ ኢምፔለር (እየተሽከረከረ ፈሳሹን የሚገፋው ጎማ) የሚጨምረው ግፊት ደግሞ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረደሩ አንዳንዴ ከ100 ያልፋሉ። ሞተሩ ከታች ይሆናል፤ ወደ ፓምፑ የሚወጣው ፈሳሽ በጎኑ እያለፈ እንዲያቀዘቅዘው። በሁለቱ መሃል ሲል (ማሸጊያ) የሚባል ክፍል አለ። የጉድጓዱ ፈሳሽ ሞተሩ ውስጥ ካለው ዘይት ጋር እንዳይቀላቀል ይከላከላል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ለሚጨምረው ዘይትም ቦታ ይሰጣል። ብዙም ስሙ አይነሳም እንጂ እሱ ፈሳሽ ካሳለፈ ሞተሩ አለቀለት።

አሁን ወደ ባህሩ። እዚያ ትልቁ ወጪ የፓምፑ ዋጋ አይደለም፤ ሲበላሽ እሱን ማውጣቱ ነው። ብዙውን ጊዜ ሪግ (ከጉድጓድ ቧንቧና ፓምፕ የሚያወጣው ትልቅ ማሽን) ያስፈልጋል፣ ሪጉ ደግሞ ሲፈለግ ወዲያው አይገኝም፣ የአየር ሁኔታውም አለ፣ ይሄ ሁሉ እስኪሟላ ጉድጓዱ ቁጭ ይላል። በየብስ ላይ "ነቅለን እንቀይረዋለን" ተብሎ የሚታለፈው ብልሽት እዚህ ራስ ምታት ነው።

ፓምፑን የሚገድሉት ነገሮች ደግሞ የታወቁ ናቸው። አሸዋ ይበላዋል። ኬብሉ ሲወርድ ይላላጣል ወይም በሙቀት ብዛት ይቃጠላል። ጋዝ ሲበዛ ኢምፔለሩ በከንቱ ይሽከረከራል፣ ፈሳሽ አይወጣም፣ የሚያቀዘቅዘው ያጣው ሞተርም ይግላል። ለዚህ ከፓምፑ በታች ጋዝ መለያ ይገጠማል፤ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ የኤሌክትሪኩን ፍሪኩዌንሲ (በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) እየቀየረ የሞተሩን ፍጥነት ያስተካክላል፤ ታች ያለው ሴንሰር ሙቀትና ግፊት ይነግራል። አንዳንዶች ከነጭራሹ ሁለት ፓምፕ ያወርዳሉ፤ አንዱ ሲሞት ሌላው ይነሳል። ውድ ነው፣ ግን ሪግ ከመጥራት ይሻላል።

ሻጭ "ይሄን ያህል አመት ይሰራል" ካላችሁ መጀመሪያ በምን አይነት ጉድጓድ ብላችሁ ጠይቁት። ንጹህ ዘይት ውስጥ ለአመታት የሚሰራው ፓምፕ አሸዋና ጋዝ ባለበት በጥቂት ወራት ሊያልቅ ይችላል።