የውሃ አሻራ ምንድን ነው? ሰማያዊ ገንዳ ግን አይደለም

ትናንት ማታ እንደገና አየሁት። ስለ እርሻና ስለምንበላው ምግብ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። ማሳው በድሮን ከላይ ይታያል፣ ፒያኖው ቀስ ብሎ ያሳዝናል፣ ከዚያ ተራኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ 15,000 ሊትር ውሃ ይጨርሳል» ይላል። ወዲያው ስክሪኑ ላይ የመታጠቢያ ገንዳዎች ይደረደራሉ። ሰባ ምናምን ገንዳ፣ ሁሉም በሰማያዊ ውሃ ጢም ብለው የሞሉ። ከሥሩ አንድ አስተያየት ሰጪ «ሻወር ማሳጠሩን ተዉት፣ አንድ ኪሎ ሥጋ ብትተዉ የስንት ወር ሻወር ታተርፋላችሁ» ብሎ ለጥፏል። ላይኩ ጎርፎለታል።

እኔ የመስኖ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ውሃ መለካት ነው። ስለዚህ ይሄን ነገር ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ከሥጋ ጋር ጠብ የለኝም፣ ጠበቃውም አይደለሁም። ቁጥሩም ውሸት አይደለም። የሚያናድደኝ ገንዳዎቹን በሙሉ ሰማያዊ መቀባታቸው ነው።

አንድን ምርት ለማምረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄደው ውሃ ተደምሮ «የውሃ አሻራ» ይባላል። ስሙን ያወጣው ሆላንዳዊው ምሁር አርየን ሁክስትራ ነው፣ በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከሱ በፊት ቶኒ አለን የተባለ እንግሊዛዊ ምሁር «ምናባዊ ውሃ» የሚል ሐሳብ አምጥቶ ነበር። ስንዴ ከውጭ የሚያስገባ አገር ስንዴውን ያበቀለውን ውሃም አብሮ እያስገባ ነው የሚል። ሁክስትራ ሐሳቡን ወደ ሒሳብ ወሰደው። ፊልሞቹ የሚወዷት ቁጥር ደግሞ እሱና መስፍን መኮንን በ2012 ካሳተሙት ጥናት የመጣች ናት። ሳትጠጋጋ 15,415 ሊትር ናት፣ ለአንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ፣ በዓለም አማካይ።

እዚህ ድረስ ፊልሙ አልዋሸም። ያልነገረን ነገር ግን አለ። ጥናቱ ቁጥሩን በሦስት ቀለም ከፍሎ ነው ያስቀመጠው። አረንጓዴ 14,414። ሰማያዊ 550። ግራጫ 451። አንድ ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል ካልን፣ ከሰባ ሰባቱ ገንዳዎች ሰባ ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው። ሰማያዊዎቹ ሦስት እንኳ አይሞሉም።

አረንጓዴ ውሃ ማለት ዝናብ ነው። መሬት ላይ ወርዶ አፈር ውስጥ የገባ፣ ከዚያ ሣሩ ወይም ሰብሉ በሥሩ ስቦ በቅጠሉ ያተነነው። ሰማያዊው ከወንዝ፣ ከሐይቅ ወይም ከከርሰ ምድር ተቀድቶ ወደመጣበት ያልተመለሰው ነው። ግራጫው ላይ ሰው ሁሉ ይሳሳታል፣ ስሙ ራሱ ያሳስታል። እጣቢ አይደለም። ጭራሽ ማንም የቀዳው ውሃ አይደለም። ከማሳው ታጥቦ ወንዝ የገባውን ማዳበሪያ እስከሚፈቀደው መጠን ለማቅጠን ስንት ሊትር ያስፈልግ ነበር የሚል ስሌት ነው። በዚያ ጥናት ደግሞ የተሰላው ለናይትሮጅን ብቻ ነው፣ ፀረ ተባዩ አልተቆጠረም። ስለዚህ ግራጫው ቁጥር አንሷል ባይ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም እንጂ።

በገንዘብ እናስበው። አንድ ሠራተኛ አለ እንበል። መሥሪያ ቤቱ በየቀኑ የምሳ ኩፖን ይሰጠዋል። ኩፖኑ የሚሠራው እዚያው ካፌ፣ ያን ቀን ብቻ ነው። ሌላ ከተማ ወስዶ ቤት ኪራይ ልክፈልበት ቢል ማንም አይቀበለውም። ይሄ አረንጓዴው ውሃ ነው። ከዚህ ሌላ ከጎረቤቶቹ ጋር በጋራ የከፈተው የባንክ ሒሳብ አለ፣ ከሱ ሲያወጣ የሌሎቹም ይጎድላል። ይሄ ሰማያዊው ነው፤ ከተማው ይጠጣዋል፣ ግድቡ ይፈልገዋል፣ ዓሣው ይኖርበታል። ግራጫው ደግሞ የጎረቤቱን ምንጣፍ አበላሽቶ ገና ያልከፈለው የማጽጃ ሒሳብ ነው። እንግዲህ ኩፖኑን፣ ከባንክ ያወጣውን እና ያልከፈለውን የማጽጃ ግምት አንድ ላይ ደምሮ «ይሄ ሰውዬ ከጋራ ሒሳባችን ይህን ያህል በላ!» ብሎ የሚጮህ ሰው ምን ይባላል? ፊልሙ ያደረገው እሱን ነው።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው፣ እስኪሰበር። ያልተበላ ኩፖን ሁሉ ይቃጠላል ብዬ ብተወው ጥሩ ነበር፣ ግን እውነት አይሆንም። እጽዋቱ ያልሳበው ዝናብ ከፊሉ ወደታች ሰርጎ ከርሰ ምድር ይገባል፣ ከፊሉ ወንዝ ይሆናል። ማለትም ያልተበላው ኩፖን በከፊል ወደ ባንኩ ይገባል። ደግሞም እዚያው ካፌ፣ በዚያው ኩፖን፣ ሌላ ሰው ሌላ ምግብ ማዘዝ ይችል ነበር። በሣሩ ቦታ ስንዴ ሊዘራ ወይም ደን ሊበቅል ይችላል። ስለዚህ አረንጓዴ ውሃ ነፃ ነው፣ አይቆጠር እያልኩ አይደለም። ለብቻው ይቆጠር ነው የምለው። ግጦሹ ሲነሳ ደን ቢበቅልበት ደግሞ ደኑ ከሣሩ የበለጠ ሊያተን ይችላል። ይሄን ስል ጓደኞቼ ዓይናቸውን ያጉረጠርጣሉ።

አሁን ወደሚያስቀኝ ነገር ልምጣ። ያው ፊልም ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ሰፊ መስክ ላይ የሚግጡ ከብቶችን ያሳየናል። ፒያኖው ደስተኛ ይሆናል። መፍትሔው ይሄ ነው ይለናል፣ ተፈጥሯዊ ግጦሽ፣ ከፋብሪካ መሰል እርባታ ነፃ የሆነ። ጥሩ። ያችኑ ጥናት እንክፈታት። በግጦሽ ያደገ በሬ ሥጋ አሻራው በኪሎ 21,829 ሊትር ነው። በኢንዱስትሪ መልክ የተደለበው 10,244 ሊትር። በራሳቸው መለኪያ ከሄድን የፊልሙ ጀግና የሌባው እጥፍ ይወጣዋል! ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በግጦሽ ያለ ከብት ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ብዙ ሣር ይበላል፣ ሣሩ ላይ ብዙ ዝናብ ይወርዳል። ሰማያዊውንና ግራጫውን ብቻ ደምሩ። የግጦሹ 708፣ የኢንዱስትሪው 1,395። ደረጃው ተገለበጠ። ሁለቱም መልስ ከአንድ ሠንጠረዥ ነው የወጣው። ፊልሙ ለማስፈራራት ድምሩን ወሰደ፣ ለማጽናናት ደግሞ ጭራሽ ሠንጠረዡን ረሳ።

ቸኮሌትም አለ። በኪሎ 17,000 ሊትር አካባቢ ነው፣ ከሥጋው ይበልጣል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ዝናብ። ለቸኮሌት ገንዳ የደረደረ ፊልም አይቼ አላውቅም።

ይሄን ሁሉ ስጽፍ ከወዲያ ወገን አንዱ ብቅ ይላል። ታውቁታላችሁ፣ «ውሃ እኮ አይጠፋም፣ ዑደት ነው፣ በልጅነታችን ተምረነዋል፣ ስለዚህ አሻራ የሚባለው ነገር ቀልድ ነው» የሚለው። እሱም ያናድደኛል፣ ምናልባት የበለጠ። ከምድር ጠፋ ያለ የለም። ከዚህ ተፋሰስ፣ በዚህ ወቅት ጠፋ ነው የሚባለው። የተነነው ውሃ ሌላ ቦታ፣ ምናልባት ውቅያኖስ ላይ ይዘንባል። ጉድጓዱ የደረቀበት ገበሬ ውቅያኖስ ላይ ዘነበ ብትለው ምን ያደርግለታል?

መካከለኛው እስያ ያለውን የአራል ባሕር አስቡ፣ ስሙ ባሕር ይባል እንጂ ሐይቅ ነው። በአንድ ወቅት ከዓለም ሐይቆች በስፋት አራተኛ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ የተባሉት ሁለት መጋቢ ወንዞቹ በአብዛኛው ለጥጥ መስኖ ተጠለፉ። ሐይቁ ሸሸ፣ ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ቀሩ፣ የዓሣው ሥራ ሞተ፣ የጨው አቧራ ተነሳ። ዑደቱ ግን አልተቋረጠም። አሁን ሌላ አካባቢ በዝናብ ብቻ የበቀለ ጥጥ ውሰዱ። የሁለቱ ጥጥ አሻራ በሊትር ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ሐይቅ ገደለ፣ ሌላው የወረደለትን ዝናብ ጠጣ። እንግዲህ ሊትሩ ብቻውን ምን ነገረን? ለዚህ ነው አንዳንድ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ሊትር በአካባቢው የውሃ እጥረት ልክ እያባዙ የሚያሰሉት። በነሱና ሊትሩን እንዳለ በሚቆጥሩት መካከል የቆየ ጭቅጭቅ አለ፣ አልገባበትም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልፌ አልተኛም። ፊልሞቹ መጨረሻ ላይ ሁሌ ጠብታ መስኖ ያመጣሉ። ጥቁር ቱቦ፣ ቀስ ብላ የምትወርድ ጠብታ፣ «ውሃውን በግማሽ ቀነሰ» የሚል ጽሑፍ። ምኑን ነው የቀነሰው? ከቦዩ የሚቀዳውን ነው። በድሮው መስኖ ትርፍ የነበረው ውሃ ግን ከፊሉ ሰርጎ ከርሰ ምድር ይገባ ወይም ወንዙ ይመለስ ነበር፣ ታች ያለው ገበሬም ይቀዳው ነበር። ባለ ጠብታው ገበሬ «ባተረፈው» ውሃ ተጨማሪ ማሳ ካለማ፣ የሚተነው ውሃ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፣ ታች ያለው ሰው ምንጩ ለምን እንደነጠፈ አይገባውም። እኔ ጠብታ መስኖ እዘረጋለሁ፣ ሥራዬ ነው፣ ለምርትና ለማዳበሪያ አያያዝ አሪፍ ነው። ተፋሰሱን ግን ብቻውን አያድንም። የመቅዳትና የመጨረስ ልዩነት ይሄ ነው። እርሻ ዓለም ላይ ከሚቀዳው ጨው አልባ ውሃ 70 በመቶ ያህሉን ይወስዳል ሲባልም ስለ መቅዳት ነው የሚወራው። የውሃ አሻራ ሰማያዊው ክፍል ደግሞ የሚቆጥረው ያልተመለሰውን ነው። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተራኪ ስሰማ ቴሌቪዥኑን አጠፋለሁ።

ሻወሩም ጋ ያለው ስህተት ይኸው ነው። የሻወር ውሃ በአብዛኛው አይተንም። ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ የማጣሪያ ጣቢያ ባለበት ከተማ ተጣርቶ ወንዝ ይመለሳል። ከሱ ጋር ሣር ላይ የወረደ ዝናብን ማወዳደር ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም። በዚያ ላይ ሥጋውን ስለተውክ ሩቅ መስክ ላይ የወረደው ዝናብ ተጠቅልሎ ወደ ቧንቧህ አይመጣም።

ለአስተያየት ሰጪው ይሄን በአጭሩ ጻፍኩለት፣ ሦስቱን ቁጥሮች ብቻ። «የሥጋ ኩባንያ ነው የሚከፍልህ?» ብሎ መለሰልኝ። ማንም አይከፍለኝም። ሥጋን መክሰስ ከፈለገ ከብቱ የሚያገሳው ሚቴን አለለት፣ ለግጦሽና ለመኖ የተመነጠረው ደን አለለት፣ የሚይዘው መሬት ስፋት አለለት። እነዚህ ከገንዳዎቹ በጣም የጠነከሩ ክሶች ናቸው፣ ሲከስ ብሰማው ብዙም አልከራከረውም። ውሃውን መክሰስ ከፈለገ ደግሞ በሬው የበላው መኖ የት እንደበቀለ፣ በመስኖ ይሁን በዝናብ፣ የመስኖው ውሃ ከየትኛው ጉድጓድ እንደተሳበ ይንገረኝ አልኩት። እስካሁን አልመለሰም።